አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ናት። "እማ፣ እኛ ላይ ከምትጮኺ እዚህ ላይ ጩኺ" ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ዘንድሮ ልጅ እናቷን የምታናግረው እንዲህ ነው። እውነቷን ግን ነው። ቀኑን ሙሉ ማቆያዬ ውስጥ በሌላ ሰው ልጆች መሃል ድምፄን አለስልሼ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ የተረፈውን ጩኸት የምትቀበለው እሷ ናት።

እንግዲህ ልጩህ። ዛሬ የሕፃናት ማቆያና የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን በሙሉ ስብሰባ ጠሩን። ከመጪው የትምህርት መክፈቻ ጀምሮ የጉበት በሽታ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ማቆያም ትምህርት ቤትም አይገባም ተባለ። ሄፓታይተስ ኤ የሚሉት ነው፤ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው። ደሜ ፈላ። እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። "እኔ ቤት እስከ ዛሬ አንድም ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አያውቅም" አልኩ። "ንጽሕና ስለምንጠብቅ ነው። በዚህ ብርድ የቧንቧ ውሃ ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ በትልቅ ሳፋ ውሃ ለብ አድርገን እናቀርባለን፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው፣ እየዘፈኑ፣ እጃቸውን ነክረው ይታጠባሉ። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ከምግብ በፊት። እጁን መታጠብ የለመደ ልጅ መርፌ ምን ያደርግለታል?"

ተጨበጨበልኝ። ቦርሳዋ ከራሷ የሚበልጥ አንዲት የጤና ባለሙያ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ጻፈች። ትጻፍ።

ሐሙስ፣ 6

በጥድፊያ ነው። ሻሼን ዛሬም ደክሟታል። ሻሼ ምግብ አብሳያችን ናት፤ ያለ ሻሽ ያያት ሰው ስለሌለ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። ሾርባውን ሠርታ ራሷ አልቀመሰችውም። "ሽታው ያስጠላኛል" አለች። "አርግዘሽ እንዳይሆን" አልኳት። "በዚህ ዕድሜዬ? ያንቺስ ምላስ" አለች። ሳቅን። ብርድ ይሆናል።

ወንድሜ ቁንጫን ሊወስድ ሲመጣ ስለ ክትባቱ ነገርኩት። ቁንጫ ልጁ ናት፣ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ አትቀመጥምና ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። "ልጄን ማንም አይወጋትም" አለና የጃኬቷን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ ይዟት ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው ከሰው ሁሉ ኮቴ ይለያል፤ አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል። እሱን እንተወው።

እሑድ፣ 9

ምሳ ወንድሜ ቤት በላን። አናጢ ነው፤ ወንበሩም አልጋውም የእጁ ሥራ ነው፣ አንዱም አይንቃቃም። አመሉ ግን መላጊያ አይነካውም። "ክትባቱ ያመክናል ይላሉ" አለኝ።

"እነማን ናቸው የሚሉት?"

"ሰዎች። ስልክ ላይ።"

እሱን ስመልስለት "ነጋዴዎች ናቸው ያመጡት" አለ። እሱንም ስመልስለት "ልጅ ካልታመመ አይጠነክርም" አለ። አንዱን ስዘጋበት ሌላ ይከፍታል። እኔም እኮ ደንቡን እቃወማለሁ፤ ግን ሰው በማያውቀው ነገር ሲናገር ስሰማ መቃወሜን እረሳዋለሁ።

ሚስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው። ሳህኑን አነሳች። ስትሸኘኝ በር ላይ "እትዬ፣ አንቺ ካልተቀበልሻት እኔም ከሥራ ቀረሁ ማለት ነው" አለችኝ። "ኧረ የወንድሜን ልጅ እኔ በር ልዘጋባት?" አልኳት። ቀለል ብሏት ገባች።

ዓርብ፣ 14

ሻሼ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆማ ሻሿን ታስተካክል ነበር። ብርሃኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። ነጩ ቢጫ ሆኗል።

ይዣት ሄድኩ። መረመሯት። ያው እሱ ነው፣ ኤ የሚሉት። አስተኟት።

ከገበያ የሆነ ነገር በልታ ይሆናል። ከየትም ሊመጣ ይችላል። ምሳውን እኔ ሠራሁ፤ ልጆቹ አልወደዱትም። ቁንጫ "የሻሼ እጅ የት ሄደ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጓዳ ገብቼ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ።

ሰኞ፣ 17

ቦርሳዋ መጣች። ያቺ የስብሰባዋ ናት፤ ስም አውጥቼላታለሁ። ልጅ እግር ናት፣ ትሕትናዋ ግን አያናድድም፣ "እትዬ" እያለች ነው የምትጠይቀኝ። ከልጆቹ ማን ታመመ? ማንም። ትኩሳት? ሆድ ቁርጠት? አንድ ሁለቱን ትንሽ ሆዳቸውን አሟቸው ነበር፣ ልጅ አይደሉ፣ በማግስቱ ሲዘሉ ዋሉ። እስከ ምሳ ልቆይ አለች። ቆዪ አልኳት፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ሳፋውን ታየዋለች።

ውሃው ቀረበ። ልጆቹ ከመጸዳጃ ቤቱም ከግቢውም እየሮጡ መጥተው ከበቡት። ዘፈኑን አሳምረው ዘፈኑ። ከመንትዮቹ አንዱ በመዳፉ ጨልፎ ጠጣ፣ ቁንጫ የአሻንጉሊቷን ራስ ነከረች። የኔ ልብ ሞልቷል። ቦርሳዋ አልሳቀችም።

"እትዬ፣ ውሃው በመሃል ይቀየራል?"

"አብረው እኮ ነው የሚታጠቡት። ለምን ይቀየራል?"

"ከመጸዳጃ ቤት የመጡትም?"

"እነሱማ ዋነኞቹ ናቸው" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና አመስግናኝ ሄደች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጥያቄ ታበዛለች እንጂ።

ረቡዕ፣ 19

የመንትዮቹ አያት ታመሙ። ቢጫ። የፀጉር አስተካካዩ ሰውዬም፣ የዚያች ዝምተኛዋ ልጅ አባት።

በር ላይ ሁለት እናቶች ያወራሉ። "ከዚህ ቤት ነው አሉ።" ስወጣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ዛሬ ባዳ አልሆነም።

ከኔ ቤት ከሆነ ልጆቹ ለምን አልታመሙም? እንደ እንቦሳ እየዘለሉ ነው። ነገ ቦርሳዋን ይህን ነው የምጠይቃት። መልስ የላትም።

ሐሙስ፣ 20

መልስ ነበራት።

"እትዬ፣ ትንንሾቹን ብዙ ጊዜ አያስታውቅባቸውም" አለችኝ። "ይይዛቸዋል፣ ይጫወታሉ፣ ይበላሉ። በሰገራቸው ይወጣል፣ በእጃቸው ይዞራል፣ ቤት ይዘውት ይገባሉ። ክፉኛ የሚታመመው ትልቁ ሰው ነው።"

"ታዲያ ልጆቹን የምትወጓቸው…"

"ለራሳቸውም ነው። ግን ለሻሼም ነው፣ ለመንትዮቹ አያትም ነው።"

ይህን በሕይወቴ ሙሉ አስቤው አላውቅም። በሽታ ያለበት ልጅ ያለቅሳል፣ የሚጫወት ልጅ ጤነኛ ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው፣ እናቴም የምታውቀው ይህን ነበር።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የእጅ መታጠቢያው ደግሞ የሚፈስ ውሃ ቢሆን፣ ለየልጁ፣ በሳሙና። የተጠራቀመ ውሃ የአንዱን እጅ ለሌላው ያካፍላል" አለች።

"ሳሙናማ አለን" አልኳትና ፎጣ ለማጣጠፍ ወደ ውስጥ ገባሁ። ፎጣዎቹ ታጥፈው ነበር። ዘርግቼ እንደገና አጠፍኳቸው።

ቅዳሜ፣ 22

ሻሼ ጋ ሄድኩ። ፊቷ ከስቷል፣ ምላሷ ግን አልከሳም። "አሁን ከሎሚ የምለየው በሻሼ ነው" አለችኝ። ሳቅሁ።

ከዚያ "አንቺ፣ አትቆጪኝም?" አለች። "ልጆቹ ታጥበው ሲጨርሱ ያ ሙቅ ውሃ ሲደፋ ያሳዝነኝ ነበር። እኔም እዚያው ነበር እጄን የምለቃለቀው። ከዚያ ዳቦውን እቆርጣለሁ።"

"ተይ እንግዲህ፣ ማን ያውቃል" አልኳት። ትራሷን አስተካከልኩላት። እሷ እኮ ልትናዘዝ ነው የፈለገችው፣ እኔ አፏን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አውቃለሁ። አልጽፈውም።

ሰኞ፣ 24

ሳፋውን አነሳሁት። በጆግ እየቀዳሁ በየልጁ እጅ ላይ አፈሳለሁ። ሰልፉ አያልቅም፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ዘፈኑ ሰባት ጊዜ አለቀ። ወላጆች ሲጠይቁኝ "ሳፋው ውስጥ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል" አልኳቸው።

ይቀዘቅዛል እኮ። ውሸት አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ 3

ወሩ ተለወጠ፣ ዝናቡ አልተለወጠም። ዛሬ ቦርሳዋና አንድ ባልደረባዋ እዚሁ ቤት መጥተው ከተቡ። ወላጆች እየፈረሙ ልጆቻቸውን አቀረቡ። ለቅሶ ነበር፣ ግን አጭር። የመንትዮቹ አያት ተሽሏቸው ራሳቸው ይዘዋቸው መጡ፤ አንደኛው ሲያለቅስ "አልቅስ፣ እኔም አልቅሻለሁ" አሉት።

ቦርሳዋ "ለሠራተኞችም ክትባት አለ" አለችኝ። "ሥራ ይዣለሁ፣ ሌላ ቀን" አልኳት።

ቁንጫ አልመጣችም። አባቷ ሆን ብሎ አስቀራት። ስደውልለት "ሥራ ላይ ነኝ" አለ። ከጀርባው የመጋዝ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ሰኞ፣ 15

የትምህርት መክፈቻ። መጻፍ አልፈልግም፣ ግን ካልጻፍኩ ልጄ ላይ እጮሃለሁ።

በር ላይ ቆሜ የክትባት ካርድ እያየሁ አስገባለሁ። ደንቡ ደንብ ነው፤ አሁን ደግሞ አምኜበት ነው የምጠብቀው። ያ ኮቴ ከደረጃው ሥር ተሰማኝ። አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል። ቁንጫ አዲስ ቦርሳ ይዛለች፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። ከእጁ አምልጣ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈችኝ።

"ተከትባለች?" አልኩት።

"ታውቂያለሽ እኮ።"

"እንግዲያው አላስገባትም።"

"የእናቴ ልጅ፣ በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት ነው ደንቡ ያለው። የፀጉር አስተካካዩን ልጅ ጠይቄ ያንተን ሳልጠይቅ እንዴት አድርጌ?"

እጇን ሊይዝ ጎንበስ አለ። ቁንጫ ግን ቀና ብላ "አጥፍቻለሁ?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። "አላጠፋሽም" አልኳት። ጫማዋን ልታወልቅ ጀምራ ነበርና መልሼ አሰርኩላት። ሲወርዱ የሁለቱ ኮቴ ይሰማኛል፣ የሱ ከባዱና ቀላሉ፣ የሷ ዱብ ዱብ።

ለሚስቱ ያልኩትን አልረሳሁትም። ምን ዓይነት ምላስ ነው የሰጠኝ።

ሐሙስ፣ 18

ሚስቱ ደወለች። ቁንጫን ፋብሪካ ይዛ እየሄደች ጨርቅ መሃል ነው የምታስቀምጣት። አለቃዋ አንድ ሁለት ቀን ዝም ብሏታል፣ ዛሬ ግን ይህ የልጅ ቦታ አይደለም ብሏታል። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምንድን ነው የሚለው?" አልኳት።

"ምንም አይልም። ልጅቷ ስትተኛ እግሯን በብርድ ልብስ ይጠቀልላል፣ ይቀመጣል።"

እግሯን።

ምንኛ ደደብ ነኝ።

እሑድ፣ 21

ሥራ ቦታው ሄድኩ። ብቻውን ነበር፣ ሳንቃ ይልጋል። ቀና አላለም። እኔም አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣሁት ልጠይቀው ነው፤ ግን አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ሆነ።

"ሻሼን ያሳመማት የኔ ሳፋ ነው" አልኩት።

መላጊያው ቆመ።

"ሰው ሁሉ እጁን አንድ ውሃ ውስጥ ሲነክር ቆሜ እያየሁ አጨበጭብ ነበር። ለሰው አልተናገርኩም፣ ላንተ ነው የነገርኩህ። አንተ ልጄን ማንም አይወጋትም ትላለህ፣ እኔም ስብሰባ ላይ መርፌ ምን ያደርጋል ብያለሁ። እጅ ማስታጠቤ ቢበቃ ኖሮ በኔ ቤት በበቃ። ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። መርፌው የሚያስፈልገው እኔ የተሳሳትኩ ቀን ነው።"

ከልብሱ ላይ ፍቅፋቂውን አራገፈ። "እኔን የት እንደወጉኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አውቃለሁ። ስድስት ዓመቱ ነበር። ትኩሳት ይዞት እናታችን ወሰደችው፣ አንድ መርፌ መቀመጫው ላይ ወጉት፤ በእግሩ ሄዶ በጀርባዋ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያ እግሩ እንዲህ ነው። በኛ ቤት እሱ ባለበት እግር የሚባል ቃል አይነሳም። ጫማ ስንገዛለት እንኳ ቁጥሩን ብቻ ነው የምንለው። ሆድ ይፍጀው ብለን፣ እንዳይከፋው ብለን፣ ሠላሳ ዓመት ሆነን።

"በሩን ስከፍት ሮጣ ነው የምትመጣው" አለ። "ሁልጊዜ ሮጣ ነው። እኔ እግሯን ነው የምፈራው፣ እታለም። ሌላ ምንም የለኝም።"

"ታዲያ ያ ሁሉ የስልክ ወሬ…"

"እሱን ማውራት ይቀላል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፣ ግን ሳንቃውን በመዳፉ ይዳብስ ነበር፣ ውሻ እንደሚዳበስ።

ቦርሳዋ ጋ ደወልኩ። እሑድ ነው፣ አነሳች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ መሃላችን አስቀመጥኩት። ይህ ክትባት ለሷ ዕድሜ ክንድ ላይ እንደሚሰጥ ነገረችን። የሱን ታሪክ ስንነግራት፣ ያኔ የተጎዳው በመቀመጫ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሳይሆን አይቀርም፣ ክትባት እዚያ ቦታ የማንሰጠው ለዚሁ ነው አለች። አልቸኮለችም፣ አልሳቀችበትም። እንደ እንጨት ልኬት ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስት ጊዜ መለሰችለት።

"ክንድ?"

"ክንድ።"

ስልኩ ሲዘጋ "አንቺ ተወግተሻል?" አለኝ።

"አልተወጋሁም።"

"ለምን?"

"መርፌ እፈራለሁ።"

ሳቀ። ከመክፈቻው ቀን ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ዛሬ ነው።

ማክሰኞ፣ 23

ጤና ጣቢያ፣ አራታችን። ቀድሜ እኔ ገባሁ፣ ቁንጫ እያየችኝ ነውና ፊቴን እንደ ንግሥት አደረግኩ። ሕመሙ ከወሬው የቀለለ ነው። ከዚያ እሷ። አባቷ ጭኑ ላይ አስቀምጧት ክንዷን በራሱ እጅ ያዘላት። ያ አንድ ሚሊሜትር የማይስት እጅ። አለቀሰች፣ ከዚያ ፕላስተሩ ላይ ስዕል እንዳለበት አየችና አቆመች።

ኮሪደሩ ላይ አቆማትና ራቅ ብሎ ቆመ። "እስቲ ነይ" አላት። ሄደች። "እስቲ ተመለሺ።" ተመለሰች። "እስቲ ሩጪ።" ይህቺ ደግሞ ሩጪ ተብላ ነው? ወንበሩን ዞራ፣ ሰው መሃል ገብታ፣ እስከ ዳር ደርሳ ተመለሰች። ዘበኛው "ልጅቷን ያዙ፣ እዚህ አይሮጥም" አለ።

"ተዋት፣ ትሩጥ" አለው ወንድሜ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እኔም ክንዴ እንደሚያመኝ አድርጌ ያዝኩት፣ ሰው እንባዬን በሱ እንዲያመካኝልኝ።

ረቡዕ፣ 24

ትናንት የተወጋው ክንዴ ጫን ሲሉት ያመኛል፣ በግራ እጄ ብዙ አልሠራሁም።

ሻሼ ዛሬ ተመለሰች፣ ሐኪሙ ፈቅዶላታል። ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ነጭ ነው። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሲያመጡ በር ላይ አቁሜያቸው የሳፋውን ነገር ነገርኳቸው፣ እሷው ባለችበት። ውሃው ይቀዘቅዛል ያልኳችሁ ሰበብ ነው አልኩ። የፀጉር አስተካካዩ ሰውዬ ብዙ አየኝ። "እኔም ቤቴ ፎጣው አንድ ነው፣ ዛሬ እለያያለሁ" አለና ልጁን ስሞ ሄደ። የባሰ ጠብቄ ነበር።

ከዚያ ያ ኮቴ መጣ። ከወትሮው ይከብዳል፣ ዕቃ ተሸክሟል። ለውሃ በርሜል ማስቀመጫ ሠርቶ ነው፣ በልጅ ቁመት፣ ማዕዘኑ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ በርሜሉም ባለ ቧንቧ። ሻሼ ለብ ያለ ውሃ ሞላችበት። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ቧንቧውን እየከፈቱ ታጠቡ፣ ዘፈኑንም አልተዉትም። ሳፋው ወንድሜ ባመጣው የእንጨት ቁርጥራጭ ተሞልቶ መጫወቻ ቤቱ ውስጥ ነው።

ቁንጫ ደፉን በሁለት እግሯ ዘላ ገባች። አባቷ ፊቷን አይደለም ያየው። እግሯን አየ፣ ዓይኑን ሳይደብቅ፣ እኔም እያየሁት። ተሰናብቶ ደረጃውን ወርዶ ሲያበቃ ኮቴው ቆመ። ከታች ሆኖ ጠራኝ።

"እታለም፣ ቦርሳዋ ሁለተኛ ዙር አለው ብላ አልነበር?"

"አለው። ከስድስት ወር በኋላ።"

"በሥራ ቀን እንዳይሆን" አለኝ፣ "እኔ ነኝ የምይዛት።"